ልጄ የጮኸችባት ሴት

ይህን ለባሌም ነግሬው አላውቅም። ስጸልይ እንኳ ዙሪያውን እዞረዋለሁ እንጂ ስሟን አልጠራም። ዛሬ ልጥራው፤ እህት ብርቱካን ትባላለች።

ገርጂ፣ እኛ ቤት፣ ረቡዕ ረቡዕ ማታ የጸሎት ኅብረት ነበረን። እህት ብርቱካን ከሆሳዕና የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። ዘመዴ የምትለው ያንን ኅብረት ብቻ ነበር። ሁልጊዜ ከሁሉ ቀድማ ትደርሳለች። ገና ስትገባ የሁለት ዓመቷ ልጄ ሶስና መሬት ላይ ተዘርራ፣ እግሯን እያንፈራገጠች ትጮሃለች። ሌላው ሰው ሲገባ ግን እንዲህ አትሆንም።

ሕፃን እኛ የማናየውን ያያል ይባል የለ? ጠረጠርኩ። የእህት ብርቱካንን ዐይን ጠረጠርኩ፣ እጇን ጠረጠርኩ፣ ለልጄ ይዛ የመጣችውን ብስኩት ሳይቀር ደብቄ ጣልኩ። በመጨረሻም ለኅብረቱ መሪ፣ "እሷ ላይ የሆነ መንፈስ አለ፤ ልጄ አይታዋለች" አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ማንም አላስገደደኝም። መሃል አስቀምጠዋት፣ "ውጣ!" እያሉ ጸለዩላት። አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም።

በቀጣዩ ረቡዕ ቀድሞ የደረሰው መሪው ራሱ ነበር። ሶስና ተዘርራ ጮኸች። ያኔ እጄን አየሁት፤ ስልኬን ይዟል። የመጀመሪያው እንግዳ በር ሲያንኳኳ፣ ደክሟት በስልኬ የምታየውን ካርቱን ድንገት የምነጥቃት እኔ ነበርኩ። በየረቡዑ፣ እኔ። ዛሬ ዛሬ "ይቺ ስታልቅ እንዘጋለን" ብዬ አስቀድሜ እነግራታለሁ፤ ትንሽ ትነጫነጭና ትተወዋለች። ይኸው ነበር መንፈሱ።

መሪው፣ "ምን ሆና ነው?" ሲለኝ፣ "እንቅልፏ መጥቶ ነው" አልኩት። ለእሱ እንቅልፍ፣ ለእሷ መንፈስ! ለምን? እሱን ስለማፍረው፣ እሷን ስለማላፍራት አይደለም?

በቀደም ከሶስና ጋር ኢምፔሪያል አካባቢ ቆመን ታክሲ ስንጠብቅ እህት ብርቱካን አገኘችን። "እንዴት አደገች፣ ጌታ ይባርካት" አለች፣ ራቅ ብላ ቆማ። ሶስና ሄዳ እጇን ልትይዛት ስትል፣ እጆቿን ሹራቧ ኪስ ከትታ ወደ ኋላ አለች።

"እንዳላስደነግጣት ብዬ ነው፣ እህቴ" አለችኝ።

ታክሲው መጣ። ምንም ሳልነግራት ልጄን አንስቼ ገባሁ።

እናንተ ይቅር እንዳትሉኝ። ከእሷ በፊት የሰማችሁት እናንተ ናችሁ፤ ይህም ሌላ በደል ነው።