የተዘጋው ቧንቧ

በዚያ ጥር ከባሕር ማዶዋ ከተማ ከስኔልቪል ሰማይ የወረደው በረዶ ሳይሆን ዝናብ ነበር። ከላይ ያለው ሞቃት አየር በረዶውን አቅልጦ ቢለቀውም፣ መሬት ለመሬት የተኛው ስስ ብርድ ጠብታውን ውሃ በረዶ ከሚሆንበት ልክ በታች አቀዘቀዘው፤ እናም ውሃ እንደ መሰለ ወርዶ ቅርንጫፍና የመብራት ሽቦ በነካበት ቅጽበት በረዶ ሆኖ ይረጋ ጀመር። እስከ ረፋዱ ጥዶቹ ብርጭቆ ለበሱ፤ ክብደቱ ሲበረታባቸውም ጥይት እንደ ተተኮሰ እየጮኹ ተሰነጠቁ። መብራት ጠፋ፤ የቤቱ ማሞቂያም አብሮ ቆመ።

ገብረሕይወት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ መብራት ወዳልጠፋበት ጎረቤት ከተማ ወደ ዲኬተር ሊሄድ ተነሣ። ከሱዳን ያስመጣት ታናሽ እህቱ አፀደም ነጠላዋን ደርባ በሩ ላይ ቆመች። ከእርሱ ቤት ሌላ መጠጊያ አልነበራትም።

«መኪናው ሞልቷል» አለች ሚስቱ የምሥራች። «ቤቱም ጠባቂ ይፈልጋል። አንቺ እንደሆነ ስደት ያጠነከረሽ ነሽ፤ ብርድ ምን ያደርግሻል?»

«እሺ፣ እትዬ።»

ገብረሕይወት እህቱን ሳያይ፣ «የማድቤቱ ቧንቧ ጠብ ጠብ ይበል፤ እንዳትዘጊው» ብሎ ወጣ። ለምን እንደሆነ አልነገራትም።

አፀደ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ የስደተኞች መጠለያ ሳለች ለአንድ ጀሪካን ውሃ ተሰልፋ ትውል ነበር፤ ውሃ የደፋች ሴት ስትደበደብም አይታለች። ድስት ደቀነች፤ ሞላ። ባልዲ ደቀነች፤ ሞላ። ዕቃው ሁሉ ባለቀ ጊዜ ውሃው በከንቱ ሲወርድ ማየት ኃጢአት መሰላት። ዘጋችውና ብርድ ልብስ ተከናንባ ጥግ ያዘች።

የሚንቀሳቀስ ውሃ ቶሎ አይረጋም። የቆመ ግን ሲረጋ ያብጣል፤ ያበጠውም መውጫ ሲያጣ ብረት ይሰነጥቃል። በረዶው ራሱ የቧንቧውን ስንጥቅ ወትፎ ስለያዘው አፀደ ምንም አልሰማችም። በማግሥቱ ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲቀልጥ ግን ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ዘለለ። በየት በኩል እንደሚዘጋ አታውቅም፤ በእጇም በጨርቅም ልትገታው ታገለች። ቤተሰቡ ሲመለስ ሳሎኑ ኩሬ ሆኖ ነበር። ገብረሕይወት ሮጦ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዘጋ።

«ዘጋሽው እንዴ?»

«ይባክን ነበር እኮ፣ ጋሼ…»

የምሥራች ሳቀች። «ጎርፍ አስገብታብን ቆጠብኩ ትላለች! ገብሬ፣ ወይ እሷ ወይ እኔ። ዛሬውኑ!»

አፀደ በወንድሟ እግር ላይ ወደቀች። «ወዴት ልሂድ? ማንን አውቃለሁ?»

«ቡፎርድ ሃይዌይ የሚባለው መንገድ ላይ አበሻ ሞልቷል፤ አንዱ ያስጠጋሻል» አለና እግሩን ከእጇ አላቀቀ።

«መጀመሪያ ምንጣፉን ትጭመቅ!» አለች የምሥራች።

አፀደ ተንበርክካ፣ ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ጨመቀች። ገብረሕይወት ሊወስዳት ውጭ የመኪናውን መስታወት ጠርጎ ሞተሩን አስነሣ። ገና አንድ ጥግ ሲቀራት ጥሩምባውን ነፋባት።