ጥለቱ ወደ ላይ

ጎንደር ውስጥ ስለ ጨረቃ ከኔ የተሻለ የሚያወራ ሰው ካለ ይምጣና ቁጭ ብለን እናውራ። እስካሁን አልመጣም። ፊዚክስ ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ አራዳ ገበያ ውስጥ ሬዲዮ ስጠግን ከመንገድ ዳር የገዛኋቸው አሮጌ መጻሕፍት ናቸው። አንዳንዶቹ መጨረሻቸው ስለተቀደደ የቀረውን በራሴ ጨርሼዋለሁ። በዚያው እውቀት ነው በቴሌቪዥን የሳይንስ ፕሮግራም የማቀርበው፣ ሰውም ይወደኛል።

የምለብሰው ኩታ ነው። ነጭ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጥለት ያለው። ያምርብኛል፣ ምን ላድርግ?

አዲስ የመጣው የፕሮግራም ኃላፊ ግን አላማረውም። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ቢሮው ውስጥ ለኔ የተገዛ ጥቁር ሱፍ ሰቅሎ ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ ሳይንስ እኮ ነው። ኩታዎ ስክሪን ላይ አንሶላ ነው የሚመስለው፣ ቀለም የለውም። ሱፍና ከረባት ካልለበሱ ፕሮግራሙን ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው።»

«ጨረቃ ከረባት አላት?» አልኩት። አልሳቀም። «እሺ፣ ይህን ቅዳሜ ብቻ እየኝ። ቀለም ታያለህ።»

ቤቴ ገብቼ አሰብኩ። ካሜራው የሚያሳየኝ ከደረት በላይ ነው፣ ጥለቱ ደግሞ ያለው ታች ነው። መፍትሔው ለኔ ቀላል ነበር፤ ኩታውን ገልብጬ ጥለቱን አንገቴ ላይ አዞርኩት። ካሜራ የሚይዘው ልጅ አየኝና «ጋሼ፣ እንዲህ ነው እንዴ?» አለኝ። «አንተ ቅረጽ» አልኩት። በቀጥታ ስርጭት ጨረቃን ጥላ እንዴት እንደሚሸፍናት አስረዳሁ። ድምፄንም ዝቅ አድርጌ፣ በዝግታ። ቀዩ ደግሞ ቁልጭ ብሎ ታየ።

ከስቱዲዮ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ከቆላ ድባ እናቴ ናት።

«ልጄ፣ ሞቻለሁ እንዴ?»

«ምነው እማዬ?»

«ሰው ነጠላውን ገልብጦ ደጄን ሞልቶታል። ልጅሽ በቴሌቪዥን ሐዘን ላይ ነው አሉኝ። አባትህን ድሮ ቀብረነዋል፣ እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ። በሩን ራሴ ስከፍትላቸው አንዷ ልትወድቅ ነበር።»

ያኔ ነው አንገቴን ጎንበስ ብዬ ያየሁት። በኛ አገር ጥለቱን ወደ ላይ የሚያደርግ ሰው የሞተበት ሰው ነው። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ቀለም ቀለም ስል ረሳሁት።

«ለካሜራው ብዬ ነው እማዬ። ሱፍ ካልለበስክ ፕሮግራሙን እንነጥቅሃለን ብለውኝ።»

«ኩታውን እንዳታወልቅ» አለች። «ጥለቱን ብቻ አውርደው። እኔም እነዚህን ሰዎች ምሳ ላብላና ልሸኛቸው።»

እኔም ቤት ጎረቤት እዝን ይዞ ተሰብስቦ ነበር። እናቴ በሕይወት አለች ብልም እንጀራው ተመልሶ አይሄድም፤ አብረን በላነው።

ሰኞ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ስልኩ አላረፈም፤ የሚደውለው ሁሉ ነፍስ ይማር ይላል።

«አዩ ጋሼ? ለዚህ ነው ሱፍ ያልኩዎት።»

«ከረባትህ ጠመመ ብሎ ደውሎልህ የሚያውቅ ሰው አለ?» አልኩት። «ይህ ሁሉ ሰው ግን አንገቴን አይቶ ደወለ። ልብሴን ያነበዋል ማለት ነው። ፕሮግራሙን ለፈለግከው ስጠው። ቅዳሜ ግን ወጥቼ እናቴ አለመሞቷን መናገር አለብኝ፣ ያንን ደግሞ በሱፍ አልናገርም።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ኃላፊው አየው፣ እኔን አየኝ፣ «ቅዳሜን ያቅርቡ» አለ።

ቅዳሜ ካሜራውን እስከ ግድግዳው ወደ ኋላ አስገፋሁት። ሙሉ ሰው ሆኜ ታየሁ፤ ጥለቱ ታች፣ ጫማዬ ከነአቧራው። እናቴን አጠገቤ አስቀመጥኳት።

«ይቺ እናቴ ናት» አልኩ። «አልሞተችም። ዛሬ የማስረዳችሁ ካሜራ ሰውን እንዴት እንደሚቆርጥ ነው።»

ስለ ሌንስ ገና ስጀምር እናቴ ወደ ካሜራው ዞረች። «ለቅሶ ለመጣችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ያልመጣችሁትንም አውቄያችኋለሁ።»

ካሜራ የሚይዘው ልጅ በሳቅ ምስሉን አንቀጠቀጠው።

ሱፉ አሁንም እዚያው ቢሮ ተሰቅሏል፣ እኔም አሁንም በኩታ ነኝ። ኃላፊው ስለ ልብስ ማንሳት ትቷል። የሚጠይቀኝ እናቴ መቼ ተመልሳ እንደምትመጣ ነው። አትመጣም አልኩት። ለአንድ ፕሮግራም አንድ አዋቂ ይበቃዋል።