የግራው ገመድ

እኛ አገር ከኩሬ ወደ ሩዝ ማሳ ውሃ የምናወጣው፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ በገመድ በሚወዘውዘው ቅርጫት ነው። በመንደራችን ያለ አንድ ሽበታም ሰውዬ ግን ጎረቤት ሊያግዘው በመጣ ቁጥር አስቀድሞ የግራውን ገመድ ይፈታና ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ በቦታው ሌላ ያስራል። የግራው የታናሽ ወንድሙ የቢሴሳር ነው። ቢሴሳር ሞሪሸስ ሸንኮራ ሊቆርጥ፣ ለአምስት ዓመት ብሎ ከካልካታ መርከብ ሲሳፈር ገና ጢም አላበቀለም ነበር። ይኸው ሃያ ሁለት ክረምት አለፈ።

ትናንት ኩሬው ዳር ቁጭ ብሎ ያንኑ ገመድ በሰናፍጭ ዘይት ሲያሸው ደረስኩ።

«አያ፣ ማንም ለማይነካው ገመድ ምን እንዲህ ያለፋሃል?» አልኩት።

«ዝም በል አንተ፣» አለኝ ቀና ሳይል። «ገመዱ ከሻከረ መዳፉን ይልጠዋል። የልጅ እጅ እኮ ነው ያለው።»