የታችኛው ቁልፍ

ቴፒ አጠገብ በሚገኝ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ኤሌክትሪሻን ሆኜ ስሠራ የሆነውን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አዲስ የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን መጣልን፤ የተከልኩትም እኔ ነኝ። በአሮጌው ማሽን የላይኛው ቁልፍ ያስነሳል፣ የታችኛው ያቆማል። አዲሱ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ሁለቱም ቁልፎች ደግሞ ጥቁር ናቸው። አይቻለሁ። «ይለምዱታል» ብዬ አለፍኩት።

ኦፕሬተሩ አሮጌው ማሽን ላይ ጸጉሩ የሸበተ ዝምተኛ ሰው ነበር። ቡና በገፍ በገባበት አንድ ከሰዓት፣ እሸቱን ወደ ማሽኑ የምትገፋው የሸኮ ብሔረሰብ ሴት የሹራቧ እጅጌ ተያዘ። ጮኸች። ሰውዬው ዘሎ የታችኛውን ቁልፍ ተጫነ። ማሽኑ አልቆመም። ደግሞ ተጫነ፣ ደጋግሞ ተጫነ፤ እጁ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው። እኔ ሮጬ ዋናውን ማጥፊያ እስካወርድ ድረስ ሦስት ጣቶቿ ሄደዋል።

በፒክአፕ ጭነን ሚዛን ከተማ ሆስፒታል አደረስናት። በሳምንቱ እኔም ያለሁበት ኮሚቴ ተቀመጠ። ቃለ ጉባኤው «አደጋው የደረሰው በኦፕሬተሩ ግዴለሽነት ነው» ይላል። ግዴለሽ! ያ ሰው እኮ ከዚያች ቀን ወዲህ እጁን እያገላበጠ ያይ ነበር።

«አልፈርምም» አልኩ።

«ምን ሆነህ?» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። እሱም በወጣትነቱ የአሮጌው ማሽን ኦፕሬተር ነበር።

«ይምጡና ይዩት» ብዬ ወሰድኩት። ባዶውን ማሽን አስነሳሁና በድንገት «ያቁሙት!» ብዬ ጮህኩበት። ደንግጦ የታችኛውን ተጫነ። ማሽኑ ማጓራቱን ቀጠለ።

ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ ዛሬ ኦፕሬተር አይደለሁም» ብሎ ጥሎኝ ሄደ። ቃለ ጉባኤው ያለ እኔ ፊርማ አለፈ፤ ሽማግሌው ኦፕሬተርም ተባረረ።

በማግስቱ ማንንም ሳላስፈቅድ ሽቦዎቹን አቀያይሬ ማቆሚያውን ቀይ ቀባሁት። የድርጅቱን ንብረት ያለ ፈቃድ ነካህ ተብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ጣት ሲቆረጥ ያልተጻፈ ደብዳቤ፣ ቀለም ሲቀባ ተጻፈ!

ሴትዮዋን ልጠይቃት መንደሯ ድረስ ሄድኩ። እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። ቁልፉ መገልበጡን አስቀድሜ አውቅ እንደነበር ነገርኳት።

«ወንድሜ፣ ያን ሽማግሌ ለምን አባረሩት?» አለችኝ የአማርኛ ቃላቱን እየፈለገች። «ሲለፋ አይቼዋለሁ። እያለቀሰ ነበር የሚጫነው።»

የጠየቀችኝ ስለ እሱ ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።