አጎቴ ያላመለከቱበት ወንበር

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። የኃላፊነት ቦታ ሲከፈት ሁልጊዜ የሚታሰበው የውጭ አገር ሰው ስለነበር፣ በየስብሰባው እጃቸውን አውጥተው «ሌላስ ማን ተጠየቀ?» ይሉ ነበር። በሰፈራችን በቱሉ ዲምቱ የእድር ሰብሳቢ ስንመርጥ እንኳ ይህንኑ ጠይቀው፣ ማንም ያላሰባት ባለሱቋ ጎረቤታችን ተመረጠች።

እኔም የማስተምረው እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ነው። የርዕሰ መምህርነት ማስታወቂያ ሲወጣ እንደማላመለክት ነገርኳቸው።

«ለምን?»

«አጎቴ፣ እኔን የመሰለ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም።»

«እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ ብዬ ሳላመለክት ቀርቻለሁ» አሉኝ። «ለሰው ስከራከር ኖሬ ለራሴ ስሆን ፈራሁ። አንቺ እንዳትደግሚው።»

ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር። በማግስቱ አመለከትኩ። የቃለ መጠይቁ ዕለት ታክሲ ተራ ድረስ ሸኙኝ፤ የኮቴን ኮሌታ አስተካክለው «በይ፣ ቀና ብለሽ ግቢ» አሉኝ።

ውጤቱን ሳይሰሙ ድንገት አረፉ። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጠራ። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ተመርጠሻል» አለኝ ደዋዩ። ድንኳኑ በሰው ሞልቷል፤ ወሬውን መጀመሪያ ልነግራቸው የምፈልገው አጎቴ ግን የሉም።