ጫማዬ የጠፋባት ከተማ

እኔና ልጄ ሁለታችን ብቻ ሆነን አንድ ሳምንት ያሳለፍነው በሕይወታችን አንድ ጊዜ ነው። ከተማዋ ኪቶ ትባላለች፤ የኢኳዶር ዋና ከተማ ናት። ዛሬ ልጄ ላስ ቬጋስ ዳር ኢንስፒራዳ በሚባል ሰፈር ትኖራለች። ባል አላት፤ ገና መራመድ የጀመረ ልጅ አላት። እሑድ እሑድ እንገናኛለን፤ ተመስገን። ግን ሁልጊዜ መካከላችን ሰው አለ፤ ስልክ አለ፤ የሕፃን ልቅሶ አለ። ያን ሳምንት የምናፍቀው ለዚህ ነው።

ስንሄድ ግን ተኳርፈን ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ልጄ የፋርማሲ ትምህርቷን አቋርጣ ካዚኖ ውስጥ ካርታ አዳይ ሆነች። እዚህ ዲለር ይሉታል። አባቷ በሕይወት የለም። በዲቪ ስንመጣ አራት ዓመቷ ነበር፤ የካዚኖ ሆቴል ክፍል እያጸዳሁ ብቻዬን አሳደግኳት። የመጀመሪያ ሺፍቷን ልትገባ ጥቁር ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ስትወጣ በሩ ላይ ቆምኩ።

"በቁማር ጠረጴዛ ያገኘሽውን ገንዘብ እዚህ ቤት እንዳታስገቢ። እኔ አንድ ሳንቲም አልነካም" አልኳት።

"አንቺስ እማ፣ የምታጸጂው የማንን ክፍል ነው? የጳጳስ ነው?" አለችኝ።

እውነቷን ስለነበር ይበልጥ ተናደድኩ። በሳምንቱ ዕቃዋን ሰብስባ ማውንተንስ ኤጅ የሚባል ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራየች። ዓመት ሙሉ በስልክ "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ" ተባብለን እንዘጋ ነበር። ያን ዓመት አልቆረብኩም። ከልጇ ጋር የተቀያየመች እናት ምን ብላ ትቆርባለች?

አንድ ቀን በሰኔ ጾም ደወለች።

"እማ፣ የቀረሽ ቫኬሽን አለ አይደል? ኪቶ እንሂድ።"

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ኢኳዶራዊት ነበረች። አልጋ ስናነጥፍ ስለ ኪቶ አብያተ ክርስቲያናት ታወራኝ ነበር። ለልጄ ይህን የነገርኳት ድሮ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ። አልረሳችውም።

"ትኬቱን እኔ ልግዛው" አለች።

"የራሴን እከፍላለሁ።"

"እሺ፤ የየራሳችንን። እንግዲህ ባጀቱ ባንቺ ልክ ነው የሚሆነው፤ ሆቴል ምናምን የለም።"

"በእኔ ልክ ይሁን።"

ጉዟችን ርካሽ የሆነው በእኔ እልህ ነው ማለት ይቻላል። ልጄ በሳምንቱ መካከል የሚነሣ፣ ሁለት ቦታ አውሮፕላን የሚያስቀይር ትኬት ፈልጋ አገኘች። በእጅ ከሚያዝ ቦርሳ በቀር ሻንጣ አልያዝንም። ያረፍነው በአሮጌው ከተማ አንዲት ባልቴት ቤት ነው፤ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል፣ ወጥ ቤቱ የጋራ።

ከመሄዴ በፊት ለንስሐ አባቴ ደወልኩ።

"አባቴ፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ባይ ኃጢአት ይሆንብኛል?"

"ማየት ምን ኃጢአት አለው፣ ልጄ? እዪ፤ አትቁረቢ እንጂ።"

"እሱስ እዚህም አልቆረብኩም።"

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ለዚህ ነው የምልሽ፦ ሕንፃው ባይታይም ግድ የለም። ከልጅሽ ጋር ታርቀሽ ነይ።"

ከላስ ቬጋስ ስንነሣ መሬቱ እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር። ኪቶ ስንደርስ ብርድ ነው። ከተማዋ በተራሮች መካከል እንደ መቀነት ተዘርግታለች። መንገዱ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ገንዘባቸው የእኛው ዶላር ስለሆነ ምንዛሪ አላስቸገረንም። በመጀመሪያው ቀን ልጄን ራሷን አመማት፤ ከከፍታው ነው።

"አንቺን ለምንድን ነው የማያምሽ?" አለችኝ፣ ተኝታ ግንባሯን ይዛ።

"እኔ የእንጦጦ ሥር ልጅ ነኝ። አንቺ የበረሃ ልጅ ነሽ።"

ፈገግ ማለት ቃጣት፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሻይ አፍልቼ ሰጠኋት። አመሰገነችኝ፤ ልክ እንደ ባዕድ።

ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ በእግር እንዞር ነበር። እግር ሲዝል የከተማ አውቶቡስ አለ፤ ዋጋው ኢምንት ነው። አንድ መስመር ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን፤ በመስኮት ገበያውን፣ የተማሪዎቹን ዩኒፎርም፣ በረንዳ ላይ የተሰጣውን ልብስ እያየን፣ ከዚያ በዚያው እንመለሳለን። ከዚህ የበለጠ ጉብኝት ዛሬም አላውቅም። ልጄ የራሷን ትከፍላለች፤ እኔ የራሴን።

ምሳ ሠራተኞች ከሚበሉበት እንበላ ነበር። በር ላይ በጠመኔ የዕለቱን ምግብ ይጽፋሉ፤ ሾርባ፣ ሩዝ፣ ጭማቂ። ጾም ስለነበር ልጄ በስፓኒሽ ታስረዳልኛለች። ስፓኒሹን የተማረችው ትምህርት ቤት ነው፤ ያሻሻለችው ሥራ ቦታ። ሥጋ የለም፣ ዶሮ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም ስትላት አስተናጋጇ በሐዘን አየችኝ።

"ሕመሟ ምንድን ነው? ትላለች።"

"ጾም ነው በያት።"

ነገረቻት። አስተናጋጇ ሳህኔ ላይ ምስር ቆልላ አመጣችልኝ፤ የሁለት ሰው።

በመንገድ ጥግ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ገበቴ ይዘው ሲሸጡ አይቼ ቀረብኩ። የሚሸጡት ግብጦ ነው! ራሱ ግብጦ። የተቆላ በቆሎ ይጨምሩበትና ሽንኩርትና ቲማቲም ከትፈው፣ ሎሚ ጨምቀው ይሰጣሉ። ውቅያኖስ ማዶ ግብጦ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሁለት ቀን ከእሳቸው ገዛሁ፤ ሴትዮዋም ለመዱኝ።

አብያተ ክርስቲያናቱ በየመታጠፊያው ናቸው። ብዙዎቹ በነጻ ያስገባሉ። እኔ ደጁን ተሳልሜ ጫማዬን አወልቅና እገባለሁ።

"እማ፣ እዚህ አገር ጫማ አይወለቅም" አለችኝ ልጄ የመጀመሪያው ደጅ ላይ። "አየሽ? ሁሉም እንደተጫሙ ነው።"

"እነሱ ይጫሙ።"

ልጄ አትገባም። በሩ ላይ ስልኳን እያየች ጫማዬን ትጠብቃለች። እኔ ውስጥ ሆኜ የምለምነው አንድ ነገር ነበር፦ ልጄን መልስልኝ። በሁለት ቀን ስንት ደጅ እንደለመንኩ አልቆጠርኩም።

አራተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ሰፊ አደባባይ ዳር ያለ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ውስጡ ጨለም ይላል፤ ከፊት ያለው ግድግዳ ሙሉ የወርቅ ቅብ ነው። ወለሉ እንጨት ነው፤ ሲረግጡት ይንቋቋል። አንድ ዓምድ ሥር ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ዓይኔን ስገልጥ ልጄ አጠገቤ ቆማለች። በካልሲዋ። ጫማዋን በእጇ ይዛለች።

ብናገር የምትወጣ መሰለኝ። ትከሻዋ ትከሻዬን ነካ፤ አልሸሸችም። እንዲያ ቆምን። ያን መቆም ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ የወለሉን ድምፅ፣ የጃኬቷን ሽታ።

ስንወጣ ጫማዬ የለም።

"አንቺ እየጠበቅሽው አልነበረም?"

"ልገባ ብዬ…" አካባቢውን ቃኘች። "የራሴን ያዝኩ። ያንቺን ግን፣ እማ፣ እውነቴን ነው፣ ማን ይወስደዋል ብዬ።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

የሥራ ጫማዬ ነው። ጥቁር፣ የማያንሸራትት፣ አፍንጫው የተላጠ።

"አይዞሽ፤ ሌባው በብርሃን ሲያየው ራሱ ይመልሰዋል" አለች።

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ቦርሳዬ ውስጥ የያዝኩት የዕለቱን ብቻ ነበር፤ ቀሪው ገንዘብ ክፍላችን ነው።

"ነይ እዚህ ጋ ጫማ ቤት አለ፤ ልግዛልሽ።"

"አይሆንም። ሄጄ ገንዘቤን አመጣለሁ።"

"በባዶ እግርሽ?"

"በባዶ እግሬ።"

መንገድ ጀመርኩ። የኪቶ አሮጌ መንገድ ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ብርዱ እስከ ጉልበቴ ወጣ። ሰው ያየኛል። ከኋላዬ የልጄ እርምጃ ይሰማኝ ነበር፤ ድንገት ድምፁ ጠፋ። ዞር ስል እሷም ጫማዋን፣ ካልሲዋንም አውልቃ በእጇ አንጠልጥላለች።

"ምን ሆነሻል?"

"አንቺ ካልተጫማሽ እኔም አልጫማም።"

"ትታመሚያለሽ!"

"አንቺም ትታመሚያለሽ።"

"እልኸኛ!"

"ከማን ወረስኩት?"

እንደዚያ እየተጯጯህን ግብጦ ሻጯ ጋ ደረስን። ሴትዮዋ እግራችንን አዩ፤ ከዚያ ፊታችንን። ገበቴያቸውን ትተው ተነሡና ብዙ ተናገሩ። ልጄ ጎንበስ ብላ ሰማቻቸው።

"ምን አሉ?"

"ተይው።"

"ንገሪኝ።"

"ንስሐ ነው ወይ ይላሉ። እዚህ በስቅለት ቀን ሰው ለንስሐ በባዶ እግሩ ይሄዳል አሉ። ዛሬ ስቅለት አይደለም፤ ከሁለታችሁ የበደለችው የቷ ናት ይላሉ።"

የልጄን እግር አየሁ። ጣቶቿ በብርድ ቀልተዋል።

"እኔ ነኝ በያቸው" አልኳት።

አላስተረጎመችም።

"በያቸው እንጂ። የበደልኩት እኔ ነኝ። ቆመሽ ያገኘሽውን ገንዘብ እንደ ርኩስ ቆጠርኩብሽ። ቤትሽ እንዳትገቢ አደረግኩሽ። ይቅር በይኝ ብላለች በያቸው።"

"ይሄ ለእሳቸው አይደለም" አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ።

"አይደለም" አልኩ።

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጫማዋ ጀርባዬን መታኝ፤ እጇ ላይ እንዳለ ነበር።

"እኔንም ይቅር በይኝ" አለችኝ በጆሮዬ። "ጳጳሱን ለምን አነሣሁት?"

ሴትዮዋ ልጄን ክንዷን ይዘው ወዘወዟት። ምን ተባለ፣ ንገሪኝ እንጂ ማለታቸው እንደሆነ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። ልጄ ዓይኗን እየጠረገች አጭር ነገር ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ሰማዩን አይተው አማተቡ፤ ከዚያ እግራችንን እያመለከቱ ተቆጡን። ያን ቁጣ ልጄ አስተረጎመችው፦ "ታረቃችሁ አይደል? በሉ አሁን ተጫሙ፣ ሞኞች!"

ጫማ ቤቱ ጠባብ ነበር፤ ሁለት ሰው አያሳልፍም። ልጄ ተንበርክካ ቡናማ ቆዳ ጫማ አጠለቀችልኝ፤ አውራ ጣቷን ከጣቴ ፊት ተጭና ለካች።

"ይጠብሻል?"

"ልኬ ነው።"

"እማ፣ ለርካሽ ብለሽ እንዳይሆን?"

"ልኬ ነው አልኩሽ።"

ከፈለች። አጠገቧ ቆሜ ስትከፍል አየሁ፤ ፊቴን አላዞርኩም።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኳት።

"ለልጅ እንዲህ ይባላል እንዴ?" ብላ ሳቀች።

ቁማርን ዛሬም አልወድም። ይህን ልጄም ታውቃለች፤ ባሏም ያውቃል። ግን ልጄ ቁማር አይደለችም። ይህን ለመረዳት ለምን ዓመት እንደፈጀብኝ አላውቅም። እግዚአብሔር ታግሦኛል።

ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ከተማዋ መካከል ወዳለ አንድ ጉብታ ወጣን። እዚያ አናት ላይ ክንፍ ያላት የእመቤታችን ትልቅ ሐውልት ቆማለች። ክንፉን ሳየው ግራ ገባኝ፤ ቢሆንም ተሳለምኩ። ከተማዋ ከሥራችን ናት፤ ጣሪያዎቿ፣ የደወል ማማዎቿ፣ ጭጋግ የሸፈነው ተራራ። ነፋሱ ኃይለኛ ስለነበር ነጠላዬን ለሁለት ተከናንበን ግንብ ላይ ተቀመጥን። ያን ሰዓት ደግሜ ባገኘው እላለሁ። ምንም የተለየ ነገር አልሆነም። ልጄ ታወራለች፤ እኔ እሰማለሁ።

ስለ ሥራዋ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ያን ቀን ጠየቅኳት።

"እስቲ እንዴት ነው የሚታደለው?"

ባዶ እጇን እያንቀሳቀሰች አሳየችኝ። ካርታውን እንዲህ ትበውዢያለሽ፣ እንዲህ ትቆርጫለሽ፣ እንዲህ ትገፊያለሽ። ሰው ሲያሸንፍ አትስቂም፤ ገንዘቡ ሲበላበት አታዝኚም። የሚሰድብ አለ። ልጁ እንደታመመበት ነግሯት የሚያለቅስ አለ። እሷ ቆማ ካርታ ታድላለች። ፍጥነቷ የእኔን አልጋ ማንጠፍ አስታወሰኝ፤ አንሶላውን በአንድ ምት ስዘረጋ።

"እጅሽን አያምሽም?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ይህን የጠየቃት ሰው እንደሌለ ከዓይኗ አወቅኩ።

"አውራ ጣቴን" አለች። "ማታ ማታ።"

የእኔንም ያመኛል፤ ከፍራሽ ማንሣቱ ነው። አልነገርኳትም። እጇን ወስጄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና አውራ ጣቷን ከሥሩ ጀምሬ ማሸት ያዝኩ። መጀመሪያ ጨፈነች፤ ከዚያ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። አውቶቡሱ መጥቶ ሰው ሲሳፈር አየን፤ አልተነሣንም። ሌላኛውን እጇን ሰጠችኝ።