ስምንት የጎል ቱቦዎች

ልጄ የጻፈችው የክለባችን ታሪክ ሠላሳ ገጽ ነው። እኔ የለሁበትም። «ክለቡ የተመሠረተው በሁለት አውስትራሊያውያን ጥረት ነው» ይላል መጀመሪያው ገጽ። እውነት ነው፣ ሁለት ነበሩ። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ዱሉዝ በምትባል የአሜሪካ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስጭን አብሮኝ የሚሠራ አውስትራሊያዊ ነበር። አገሩ ውስጥ በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት እግር ኳስ አለ፤ ኳሱ በእጅም ይያዛል፣ በእግርም ይመታል፣ ሜዳው ራሱ ሞላላ ነው። አገር ቤት በረኛ እንደነበርኩ ስነግረው «ከፍ ያለ ኳስ የሚይዝ ሰው ነው የጠፋኝ» ብሎ ቅዳሜ ጠዋት ይዞኝ ሄደ። ከአንድ የአገሩ ልጅ ጋር ሦስት ሆነን ስንቀባበል ዋልን። ክለቡ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ጨዋታው በየጫፉ አራት ቋሚ ይፈልጋል። ፓርኩ ደግሞ ተክላችሁ መሄድ አትችሉም አለን። ስለዚህ ስምንት የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ገዛሁ። በየቅዳሜው መኪናዬ ጣራ ላይ አስሬ አመጣለሁ፣ እተክላለሁ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ነቅዬ እመለሳለሁ። ጉልበቴ ተበላሽቶ መጫወት ሳቆም እንኳ ቱቦዎቹን መሸከም አልተውኩም። አሥር ዓመት! ጎረቤቶቼ ቧንቧ ሠራተኛ እመስላቸው ነበር፤ አንዷማ የወጥ ቤቷ ቧንቧ ሲያፈስ መጥታ በሬን አንኳኩታለች።

አሥረኛው ዓመት ሲደርስ የክለቡ ታሪክ በመጽሐፍ ይውጣ ተባለ። ሜዳው ዳር ያደገችውና አሁን አጠገባችን ባለችው ፒችትሪ ኮርነርስ ከተማ ቢሮ የምትሠራው ልጄ «እኔ እጽፋለሁ» አለች። ደስ አለኝ፣ አልደብቅም። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ፣

«አባዬ፣ ፋውንደሮቹ ጋ አንተንም አድ ላድርግህ?» አለችኝ።

«ተይ ባክሽ፣ እኔ ምን ሠራሁ!» አልኳት።

በእኛ ደንብ ይሄ እምቢታ አይደለም፣ ጨዋነት ነው። እንግዳ «በልቻለሁ» ስላለ ማዕድ የሚያነሳ ማን አለ? «በሞቴ» ይባላል፣ ይለመናል፣ ሦስተኛው ላይ እሺ ይላል። እኔም «እንዴ አባዬ፣ ያለ አንተማ አይሆንም» እስክትለኝ እንጀራዬን እየጠቀለልኩ ጠበቅኩ። እሷ «ኦኬ» ብላ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈች። ጉዳዩን መልሼ እንዳላነሳ ይሉኝታ ያዘኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ በእኔ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል።

መጽሐፉ ሜዳው ላይ ሲታደል ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አገላበጥኩት። ሁለቱ መሥራቾች ሙሉ ገጽ ፎቶ አላቸው። ከኋላቸው ቱቦዎቼ ቆመዋል፤ ዳር ላይ የመኪናዬ ጣራም ይታያል። ያ የመጋዘን ጓደኛዬ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ልጅህ ጎበዝ ናት» አለኝ። «ናት» አልኩት። በእሱ ተናደድኩ፣ በልጄ ደግሞ የባሰ ተናደድኩ። ከዚያ ቱቦዎቹን ነቅዬ ጫንኩ። ሌላ ማን ይጭናል?

ከልጄ ጋር ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ አላስቻለኝም።

«መጽሐፉ ላይ እኔ የለሁም» አልኳት።

«አባዬ፣ አስክ አድርጌህ ነበር እኮ። ኖ አልከኝ።»

«አንዴ ነው የጠየቅሽኝ!»

«ስንቴ ነበር መጠየቅ የነበረብኝ?»

እያሾፈች አይደለም፤ ከልቧ ነው። «አባትሽ አንዴ ከተናገረ አትጨቅጭቂ» እያልኩ ያሳደግኳት እኔው ነኝ።

ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ዞር ብላ አየችኝ። «ኦንላይን ያለውን ቼንጅ ማድረግ እችላለሁ። ዛሬውኑ ልጻፍህ?»

«ተይው፣ አሁን ምን ያደርጋል» አልኳት።

«ሹር ነህ?»

ይቺ ሁለተኛዋ ናት። «ተይው አልኩሽ» አልኩና ሦስተኛዋን ጠበቅኩ።

«ኦኬ» አለችና ሬዲዮውን ከፈተች።